ገበያ ከተፈታ በኋላ የመጣች ጨፋሪ

መቼም ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል ይባላል። የዛሬው ጨዋታችን የተነሣው መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ነው። ሦስታችን ከመካከላችን አንዱ ቤት ተሰብስበናል። ሻማው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ቡናው ቶና ደርሷል፣ የሁላችንም ስልክ ባትሪ ቀይ ካሳየ ቆይቷል። ወሬውም እንደ ባትሪው እያለቀ ሲመጣ የቤቱ ባለቤት ተነሥቶ ከመሳቢያ ውስጥ አንዲት የእጅ ጌም ይዞ መጣ። እህቱ ከዱባይ የላከችለት፣ ቻይና የተሠራች፣ ከሲጋራ ፓኮ ብዙም የማትበልጥ ዕቃ ናት። ከነጭነቷ ነው የመጣችው፤ ውስጧ በድሮ ጌም ጢም ብሏል። ስንት እንደሆኑ ለመቁጠር ሞክረን ነበር። ዝርዝሩን ወደ ታች ስናወርድ፣ ስናወርድ ደክሞን ተውነው።

እዚህ ከተማ ያደገ ሰው ይህን ዓይነት ብዛት ያውቀዋል። ልጆች ሳለን መርካቶ ይሸጥ የነበረው ብሪክ ጌም ሣጥኑ ላይ "9999 ጌም" የሚል ጽሑፍ ነበረው። ቤት ወስደን ስንከፍተው ያው ጡብ መደርደር፣ ያው እባብ፣ ያው መኪና። የሚለያየው ፍጥነቱ ብቻ! ከዚያ ወዲህ ብዛት ሲነገረን አንደነግጥም። በዚያ ምሽትም አንዱን ከፍተን ሁለት ደቂቃ፣ ሌላውን ከፍተን አንድ ደቂቃ እያልን ስንዘል ከዝርዝሩ መሐል ስሟን ሰምተን የማናውቃት አንዲት ልጅ ላይ ደረስን። ረጅም ሐምራዊ ፀጉር አላት። ስሟ ሻንቴ ይባላል። "ይቺን ደግሞ ማን ያውቃታል?" አልን። ልናልፋት ምንም አልቀረንም ነበር።

አላለፍናትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዕቃዋን ከእጅ ወደ እጅ፣ ከቤት ወደ ቤት እየተቀባበልን ተጫወትናት፤ ጨረስናትም። ዛሬ የምንጽፈው ግን ጌም ጨረስን ብለን ለመፎከር አይደለም። ይቺ ጨዋታ በመካከላችን ክርክር አስነሥታለች፤ ክርክሩም ሄዶ ሄዶ እኛው ላይ ነው ያረፈው።

መጀመሪያ ልጅቷን እናስተዋውቃችሁ። "ሻንቴ" እ.ኤ.አ. በ2002 ለጌም ቦይ ከለር የወጣች የዝላይ ጨዋታ ናት። ፕላትፎርም ጌም የሚባለው ዓይነት፣ ከእርከን ወደ እርከን እየዘለሉ፣ ገደል እየተሻገሩ፣ ጠላት እየመቱ የሚኬድበት። የሠራት ዌይፎርዋርድ የተባለ የካሊፎርኒያ ድርጅት ሲሆን ያሳተማት የጃፓኑ ካፕኮም ነው። ገጸ ባሕርይዋን እ.ኤ.አ. በ1994 የፈጠረቻት ኤሪን ቦዞን ናት፤ የጨዋታዋን ሥራ የመራው ደግሞ ባለቤቷ ማት ቦዞን ነው። ድርጅቱ በዚያን ዘመን እንጀራው የትእዛዝ ሥራ ነበር። የቴሌቪዥንና የፊልም ባለቤቶች "በእኛ ገጸ ባሕርይ ጌም ሥሩልን" ይሉታል፣ እሱም ይሠራል። ሻንቴ ግን የራሳቸው ልጅ ነበረች።

ታሪኩ ቀላል ነው። እናቷ ጂኒ፣ አባቷ ሰው የሆኑ ልጅ አንዲት የባሕር ዳር ከተማ ትጠብቃለች። ሪስኪ ቡትስ የምትባል የባሕር ወንበዴ ከተማዋን ወርራ አንድ የእንፋሎት ሞተር ዘርፋ ትሄዳለች። ሞተሩን የሚያንቀሳቅሱ አራት ድንጋዮች አሉ። ሻንቴም ወንበዴዋ ሳትቀድማት ድንጋዮቹን ለመሰብሰብ መንገድ ትጀምራለች። መሣሪያዋ ፀጉሯ ነው፤ እንደ ጅራፍ ትገርፍበታለች።

ችግሩ ያለው ቀኑ ላይ ነው። ጌም ቦይ ከለር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ተተኪው ጌም ቦይ አድቫንስ ደግሞ በ2001 ገበያ ላይ ውሏል። ሻንቴ ብቅ ያለችው ተተኪው በወጣ በዓመቱ ነው። ገበያ ተፈትቶ፣ ሰው አህያውን ጭኖ ወደ ቤቱ ሲያዘግም፣ አንድ ሸማኔ ወራት የለፋበትን ጋቢ ይዞ ከተፍ ሲል ይታያችሁ። ጋቢው ጥሩ ነው፤ ገዢው ግን ሄዷል። ሻንቴም እንዲሁ ሆነች። ያዩዋት ተቺዎች ወደዷት፣ የገዛት ሰው ግን ጥቂት ነበር።

አሁን ወደ መሣሪያው እንምጣ፤ ምክንያቱም የሠሪዎቹ ድካም የሚገባን መሣሪያውን ስናውቅ ነው። የጌም ቦይ ከለር ስክሪን በአግድም 160፣ በቁመት 144 ነጥብ ነው። በተለመደው አሠራሩ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው ቀለም 56 ነው። በአንድ አግድም መስመር ላይ ከ10 በላይ ተንቀሳቃሽ የሥዕል ቁራጭ አይችልም፤ 11ኛው አይታይም። ሙዚቃውን የሚያወጣው በአራት የድምፅ መስመሮች ብቻ ነው፣ አንዱም ከኮሽታ የማይሻል። የሻንቴ ዓለም በሙሉ፣ ከተማው፣ ዋሻው፣ ዘፈኑ፣ ሌሊቱና ቀኑ፣ የተከተተው 4 ሜጋባይት ውስጥ ነው። ዛሬ በስልካችን የምናነሣት አንዲት ፎቶ የምትይዘው ቦታ ማለት ነው።

እዚህች ውስጥ ምን ሠሩ? ልጅቷ ስትሮጥ ፀጉሯ ከኋላዋ ይውለበለባል። ዝም ብላ ስትቆም እንኳ ድርቅ አትልም፤ ትንሽ ትንቀሳቀሳለች። ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ሰማዩ ይጨልማል፤ ሌሊት ሲሆን ቀን በቀላሉ የጣልናቸው ጠላቶች ይጠነክሩብናል። ሌሊት ብቻ የሚወጡ የእሳት ትሎችም አሉ፤ እነሱን ለመያዝ ሲባል ጨለማውን መድፈር ግድ ነው። የጄክ ካውፍማን ሙዚቃ በእነዚያ አራት መስመሮች የምሥራቁን ዓለም ዘፈን ሊያስመስል ይታገላል፤ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። ከሁሉ የገረመን ደግሞ ይኼ ነው። ካርትሪጇ አዲሱ ጌም ቦይ አድቫንስ ላይ ከተሰካች አሮጌው ላይ የሌለ አንድ ተጨማሪ ጭፈራ ትከፍታለች። ሠሪዎቹ መሣሪያው እያለፈበት መሆኑን ያውቁ ነበር ማለት ነው። እያወቁ ነው የለፉት።

ጭፈራ ስንል ግር እንዳይላችሁ። ሻንቴ አስማቷ ጭፈራዋ ነው። አንድ ቁልፍ ስንጫን ቆማ መወዛወዝ ትጀምራለች። እኛ በምቱ ልክ ትክክለኛዎቹን ቁልፎች በቅደም ተከተል ከተጫንን ትለወጣለች። ጦጣ ሆና ግድግዳ ትቧጥጣለች፣ ዝሆን ሆና ድንጋይ ትሰብራለች፣ ሸረሪትም ትሆናለች፣ ክንፍ አውጥታም ትበራለች። ምቱን ከሳትን ምንም የለም። ከመካከላችን አንዱ ሠርግ ላይ እንኳ እስክስታ የማይወርድ ሰው ነው። እሱ ዝሆን ለመሆን ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። በሦስተኛው ቀን ሲሳካለት ያቀለጠው ጩኸት የጎረቤት ውሻ አስነሥቷል።

በነገራችን ላይ ጌም ቦይ ከለር የራሱ የስክሪን ብርሃን አልነበረውም። ያኔ ሻንቴን የገዛ ልጅ ሊጫወታት የሚችለው መስኮት ሥር ወይም አምፖል ሥር ቁጭ ብሎ ነው። እኛ ደግሞ መብራት ስለጠፋ ነው ያገኘናት! የቻይናዋ ዕቃ ስክሪን የራሱ ብርሃን ስላለው ሻማው ካለቀ በኋላም ልጅቷ በጨለማ ቤት ውስጥ ስትጨፍር አመሸች። አንድ ሥራ ከእጅ ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ ሠሪው አያውቀውም።

ይኼን ሁሉ ስናወድስ እንከን የለባትም እያልን አይደለም። አለባት። ልጅቷ በትልቁ ስለተሣለች ትንሿ ስክሪን ትጠባታለች፤ ከፊቷ ያለው ጠላት የሚታየን ልንጋጭ ስንል ነው። ወደ ታች ዝለል የሚልባቸው ቦታዎች አሉ፣ ታች ያለው መሬት ይሁን ገደል ግን የሚታወቀው ከዘለሉ በኋላ ነው። ከከተማ ከተማ ያለው መንገድ ይረዝማል፣ መመላለሱ ይበዛል። እኛ ደብተር አውጥተን መንገዱን እስከ መሣል ደርሰናል። በሁለተኛው ሳምንት አንዳችን ዕቃዋን ሶፋው ላይ ጥሎ "ከዚህ በኋላ ብጫወት ሰው አይደለሁም" ብሎ ምሎ ሄዶ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ደውሎ "ማን ጋ ናት?" አለ።

ክርክሩ የተነሣው ከጨረስን በኋላ ነው። ከመካከላችን ኢኮኖሚክስ የተማረው እንዲህ አለ፦ "ጨዋታዋ ጥሩ ናት። ግን ይኼ የጥበብ ሳይሆን የኪሣራ ታሪክ ነው። ገበያው እንደሄደ እያወቁ በአሮጌ መሣሪያ ላይ ያን ያህል መልፋት ጀግንነት ሳይሆን ስሌት አለማወቅ ነው። ፀጉሯ ባይውለበለብስ ማን ይከሳቸዋል?"

ይኼ ክርክር ቀላል አይደለም፤ ልጁም ክፉ ስለሆነ አይደለም እንዲህ ያለው። ሁላችንም ያደግነው "ማን ያይልሃል?" እየተባልን ነው። ቤት የሚያስለስን ሰው ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለውን ግድግዳ አያስለስንም፤ "ማን ያየዋል?" ይላል። ቢሮ የገባ ጓደኛችን ሪፖርቱን ሲያሳምር አለቃው "ተወው፣ ማንም አያነበውም" ብሎታል። እውነትም ማንም አላነበበውም። "ማን ያየዋል" በብዙ ቦታ ትክክለኛ ስሌት ነው። እኛ ልንክደው አንችልም።

የመጀመሪያው መልሳችን ጉንፔ ዮኮይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን የመጀመሪያውን ጌም ቦይ የመራ ጃፓናዊ ነው፤ በ1997 አርፏል። የዚህ ሰው እምነት አዲስ ነገር ለመሥራት አዲስ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም የሚል ነበር። ያረጀ፣ የረከሰ፣ ጠባዩ በደንብ የታወቀ ቴክኖሎጂ ወስዶ ማንም ባላሰበበት መንገድ መጠቀም። ጌም ቦይ ሲወጣ ስክሪኑ ቀለም እንኳ አልነበረውም፤ ቀለም ያላቸው ተወዳዳሪዎች ግን ባትሪ ይጨርሱ ነበር፣ እሱ ቆየ። እንግዲህ አሮጌ መሣሪያ ላይ መሥራት በራሱ ሞኝነት አይደለም። ሰው የመሣሪያውን ዳርቻ ጥርት አድርጎ የሚያውቀው መሣሪያው ሲያረጅ ነው። ሻንቴ ጌም ቦይ ከለር በወጣበት ዓመት ብትሠራ ኖሮ እንዲህ ባልተሠራች ነበር።

ኢኮኖሚስታችን ግን አልተረታም። "እሱ ለመሣሪያው ሠሪ ነው፤ ጌም ቦይ ተሸጧል። ሻንቴ አልተሸጠችም" አለ።

ሁለተኛው መልሳችን በኋላ የሆነው ነገር ነው። ሻንቴ አልሞተችም። እ.ኤ.አ. በ2010 ተከታይዋ በኒንቴንዶ ዲኤስአይ መደብር በኩል ወጣች። በ2013 የመጀመሪያዋ ጨዋታ ራሷ ለኒንቴንዶ ስሪዲኤስ ዳግም ለገበያ ቀረበች። በዚያው ዓመት ሠሪዎቹ ለሌላ የሻንቴ ጨዋታ ኪክስታርተር ላይ 400,000 ዶላር ሲጠይቁ ሕዝቡ ከ750,000 ዶላር በላይ አዋጣ። በ2021 ያቺው የ2002ቷ ሻንቴ ለኒንቴንዶ ስዊች ወጣች። ከመጀመሪያዋ ጨዋታ በኋላ ለጌም ቦይ አድቫንስ ጀምረዋት አሳታሚ አጥታ የተቀመጠች ሌላ ሻንቴም ነበረች፤ እሷ ደግሞ ሃያ ዓመት አልፏት በ2025 ተጠናቅቃ ወጣች። "ይኸው፣ ተከፈላቸው!" አልነው።

እሱም ሳቀና "አንዷን የዳነች አሳያችሁኝ፤ ያልዳኑትስ?" አለን።

እዚህ ላይ ዝም አልን። ምክንያቱም እውነቱን ነው። ያቺ የዱባይ ዕቃ ውስጥ ያለው ዝርዝር ራሱ መቃብር ነው። ብዙዎቹን የሠሩ ሰዎች ስማቸው መጨረሻ ላይ በትንንሽ ፊደል ያልፋል፣ እዚያ ድረስ ደርሶ የሚያነብ ግን የለም። "ዛሬ ልፋ፣ ነገ ይከፈልሃል" የሚለውን ምክር ለማንም ልንሰጥ አንችልም። ሁሌም አይከፈልም፤ እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ አይከፈልም። እንዲህ ከሆነ ክርክሩ መነሣት ያለበት ከሠሪው ወገን ሳይሆን ከተጫዋቹ ወገን ነው። "ለምን ለፋህ?" ብሎ ሠሪውን ከመጠየቅ በፊት "እኛስ ምን አደረግን?" ማለት ይቀድማል።

እኛ ምን አደረግን? ይኸው እንናዘዝ። ለሻንቴ አንድ ሳንቲም አልከፈልንም። ያቺ ዕቃ ውስጥ ያሉት ጌሞች በሙሉ የተቀዱ ናቸው። ሠሪዎቹን ስናመሰግን ያመሸነው የሠሪዎቹን ንብረት በነፃ ይዘን ነው።

አገራችን ይኼን ጉዳይ በደንብ ታውቀዋለች። ዘፋኞቻችን ካሴታቸው በማግሥቱ ተቀድቶ ሲሸጥ ሲያለቅሱ ሰምተናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም እንደ መጽሐፉና እንደ ዘፈኑ ይጠብቃል። እኛም ዘፋኙ ሲያለቅስ አብረን አልቅሰናል፤ ከዚያ ሄደን በፍላሽ አስቀድተናል። ምክንያት አናጣም። ከውጭ እንዳንገዛ ኪሳችን ያለው የባንክ ካርድ ከውጭ አገር አይገዛልንም፣ ዶላሩም ከደመወዛችን ጋር አይተዋወቅም። ሻንቴ ዳግም የተሸጠችበት የስሪዲኤስ መደብርም እ.ኤ.አ. በ2023 ለግዢ ተዘግቷል። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። ለካሊፎርኒያው ሰው "አልቻልንም" ብለን ልንመልስ እንችል ይሆናል።

እዚህ ከጎናችን ላለው ሰውስ ምን እንመልስ?

አራተኛ ጓደኛ ነበረን። "ነበረን" ያልነው አሁንም አለ፣ ብቻ እንደ ድሮው አንገናኝም። ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን ልጅ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በስልክ የሚጫወቱት አንድ የዝላይ ጌም ሠራ። ብቻውን! ቀን ሥራ ውሎ፣ ማታ ማታ፣ መብራት ሲኖር። ዋናው ገጸ ባሕርይ አንድ ሊስትሮ ነው፤ ሣጥኑን በትከሻው አንግቶ በክረምት የአዲስ አበባን ኩሬ እየዘለለ ይሄዳል። በ50 ብር ሊሸጠው አሰበ። ገና ለመሸጥ ሳይነሣ እኛ ቀድመን "አንተ ደግሞ! ለእኛም ልታስከፍል ነው? ላካት እንጂ" አልነው። ላካት። "አሪፍ ነው፣ በርታ" ብለን መለስንለት፤ የአውራ ጣት ምልክትም አስከተልን። ሁለተኛውን ሌቭል ያለፈ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም።

ጓደኞቹ ያልከፈሉለትን ሌላው ከየት መጥቶ ይከፍልለታል? ከወራት በኋላ ተወው። አሁን ለቤት ሻጮች ማስታወቂያ ይሠራል። ደህና ሥራ ነው፤ ደመወዙም ከእኛ ይሻላል። ስለ ጌሙ ግን አያነሣም፣ እኛም አናነሣበትም።

ያን ምሽት ክርክሩ ዝም ሲያሰኘን አንዳችን ስልኩን አውጥቶ የድሮ የቴሌግራም መልእክት ውስጥ ገብቶ ፋይሏን ፈለገ። ነበረች። ጫንናት። ሻንቴን በሦስት ሳምንት ትዕግሥት ጨርሰን የመጣን ሰዎች ነንና ሁለተኛውን ሌቭል በአሥር ደቂቃ አለፍነው። ያኔ ነው ያየነው። ልጁ ሮጦ ድንገት ሲቆም የሊስትሮ ሣጥኑ አብሮት አይቆምም። አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ይወዛወዝና ከዚያ ነው ረጋ የሚለው። የሻንቴ ፀጉር ላይ ያን ያህል ያደነቅነው ነገር ማለት ነው! ከመጀመሪያው ሌቭል ጀምሮ ነበረ፤ ዓይናችን ነው ያልነበረው። አራተኛው ሌቭል ላይ ደግሞ ዝናብ ይጀምራል። በቆሎ የምትጠብስ ሴት መንገድ ዳር ተቀምጣለች። ልጁ አጠገቧ ሲደርስ ጥላዋን ከፍ አድርጋ ታስጠልለዋለች፤ እዚያ እስከቆመ ድረስ ዝናቡ አይነካውም። ይኼን አራተኛው ሌቭል ያልደረሰ ሰው አያየውም። ማንም አልደረሰም ነበር።

"ፀጉሯ ባይውለበለብስ ማን ይከሳቸዋል?" ያለው ጓደኛችን ስልኩን ይዞ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ "ይቺን ለማን ነው የሠራት?" አለ። መልሱን ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ ማንም አልተናገረውም። የተላከችው ለሦስት ሰው ነው።

በማግሥቱ ደወልንለት። ሰላምታ አብዝተን፣ ሥራ ጠይቀን፣ እናቱን ጠይቀን፣ በመጨረሻ ጌምህን ተጫወትነው አልን። የመጀመሪያ ጥያቄው "እስከ ስንተኛው?" የሚል ነበር። "አራተኛው" አልነው። ትንሽ ዝም አለና "ሴትዮዋን አያችኋት?" አለ። ከሦስት ዓመት በኋላም ሊጠይቀን የነበረው ያቺን ነው። በዚያው ቀን እያንዳንዳችን በቴሌብር 50 ብር ላክንለት። "ምንድነው ይኼ?" ብሎ ጻፈ። "ዕዳ" አልነው። ሳቀብን። ሥራውን ይቀጥላል አይቀጥልም አልጠየቅነውም፤ ለመጠየቅም መብቱ ያለን አልመሰለንም።

እንግዲህ አስተያየታችን ይኼ ነው። ሠሪን "አትልፋ፣ ማንም አያይልህም" ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ልክ ያደረገው ግን የማያየው እኛ ነን። ገበያው የተፈታው ማንም ሳይሆን ገዢው ቀድሞ ስለሄደ ነው። ሸማኔውን "ለምን ዘገየህ?" ከማለት፣ ቀድመን የሄድነው እኛ ትንሽ ብንቆይስ?

ብዙ አይደለም የምንጠይቀው። ከምታውቁት ሰው አንዱ አንድ ነገር ሠርቷል፤ ዘፈን ይሁን፣ አጭር ፊልም፣ ትንሽ አፕ፣ ወይም የግጥም መጽሐፍ። ዋጋ ካለው ክፈሉት፤ "ለእኛም?" አትበሉ። ለእናንተም! ካገኛችሁት በኋላ ደግሞ እስከ መጨረሻው ሂዱ። ሁለተኛው ሌቭል ላይ አትቁሙ። ከዚያ ለሠራው ሰው ደውሉና ያያችሁትን ንገሩት። "አሪፍ ነው፣ በርታ" ለማለት ማየት አያስፈልግም፤ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ንገሩት። ካልወደዳችሁትም የቱ ቦታ እንደሰለቻችሁ ንገሩት። እሱም ቢሆን እዚያ ቦታ ድረስ ለደረሰ ሰው ብቻ የሚቻል ነው።

የዱባይዋ ዕቃ አሁንም ከእጅ ወደ እጅ እየዞረች ነው። ኢኮኖሚስታችን ጋ ካደረች አራት ቀን ሆናት። ደውለን ስንጠይቀው "ሻንቴን እንደገና ጀምሬያለሁ" አለን። የክርክሩን መልስ ሊፈልግ ነው ወይስ ዝሆን መሆን ናፍቆት፣ አልነገረንም።

ቸር እንሰንብት።